ፈተናው አንድ ስለሆነ ዕድሉ እኩል ነው?

ሸገር_47 (ክር ከፋች)

ሰላም የቤቱ ሰዎች። ረዘም ይላል፣ ሻይ ያዙ።

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር አንድ ዓይነት ወሬ ነው የምሰማው። ፈተናው አንድ ነው፣ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ያጠና አለፈ ያላጠና ወደቀ፣ ከዚህ በላይ እኩልነት ከየት ይምጣ? ይሄ ነገር አይዋጥልኝም።

እስቲ ቁጥሩን እንየው። ከ2014 ጀምሮ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሆነ። ልጁ ከቤቱ ወጥቶ፣ ስልኩን ትቶ፣ ግቢ እያደረ መፈተን ጀመረ። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ናቸው። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። እየተሻሻለ ነው፣ ጥሩ። እኔን የከነከነኝ ሌላኛው ቁጥር ነው። በ2015 ካስፈተኑት ከ3,100 በላይ ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም።

አንድ ልጅ ሲወድቅ «ሰነፍ ነው» በሉ፣ እሺ። ትምህርት ቤቱ ከነጎበዞቹ ሲወድቅስ? እዚያ ግቢ ውስጥ እኮ ከ1ኛ ክፍል ጀምራ አንደኛ እየወጣች የመጣች ልጅ አለች። ሰፈሩ በሙሉ «ዶክተራችን» ይላታል። እሷም ካላለፉት ውስጥ ናት። እሷን አዲስ አበባ ውስጥ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ተነስቶለት ካጠና ልጅ ጋር አንድ ወረቀት ሰጥተን «እኩል ናችሁ» አልናት።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 89 ላይ መንግሥት ዜጎች ኑሯቸውን ለማሻሻል እኩል ዕድል እንዲኖራቸው የማድረግ፣ ሀብትም በፍትሐዊ መንገድ እንዲከፋፈል የማመቻቸት ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ጥሩ ጽሑፍ ነው። አሠራሩን ስታዩት ግን መንግሥት (የአሁኑን ብቻ አይደለም የምለው፣ የቀደሙትም ያው ናቸው) እኩልነትን የሚለካው በር ላይ ነው። ሁሉም አንድ ፎርም ይሞላል፣ አንድ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ በአንድ የግብር ሰንጠረዥ ይቆረጥበታል። እስከ በሩ ድረስ ማን በምን እንደመጣ ማንም አይጠይቅም፣ የቤተሰቡ ጣጣ ነው።

ኮንዶሚኒየሙን ውሰዱ። በ1997 እና በ2005 የተመዘገበው ሕዝብ እየቆጠበ ዕጣ ይጠብቃል። ለሴቶች 30፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተለይቶ ይያዛል። ደግ አደረጉ። ግን ዕጣው ውስጥ ለመቆየት መቆጠብ አለብህ። መቆጠብ የማይችለው ሰው፣ ማለትም ቤት ከሁሉም በላይ የቸገረው ሰው፣ ዕጣው ውስጥ የለም። ከደረሳቸውም ውስጥ ስንቱ ነው ክፍያው ከብዶት ቤቱን አከራይቶ ራሱ ሌላ ቦታ በርካሽ ተከራይቶ የሚኖረው? በሐምሌ 2014 የወጣው 14ኛ ዙር መረጃው ተነካክቶ ተገኝቶ የተሰረዘበት ጉድም አለ፣ እሱን ለሌላ ቀን።

ፈተናው ይቅር አላልኩም። ኩረጃው ይመለስም አላልኩም። የምለው፣ መንግሥት ዕድል አስተካክላለሁ ካለ ገንዘቡም ጎበዝ ጎበዝ መምህሩም ከታች፣ ዜሮ ያመጡት ትምህርት ቤቶች ጋ ይሂድ ነው። ምን ትላላችሁ?


ቀጥ_በል

ወንድሜ አንድ ጥያቄ ብቻ። በኩራዝ አጥንቶ፣ በባዶ እግሩ ተመላልሶ፣ ኢንጂነር የሆነ ሰው አታውቅም? እኔ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ። መንግሥት ለእኔ አስጠኚ አልቀጠረልኝም። አባቴ በሬ እየጠመደ እኔ እየተማርኩ ነው ያለፍኩት። ሁልጊዜ «ዕድል አልተሰጠንም» ማለት ልጆቹን ሽባ ነው የሚያደርጋቸው።


ሸገር_47 → ቀጥ_በል

እንኳን አለፍክ፣ ከልቤ ነው። ግን አብረውህ 1ኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ ናቸው ኢንጂነር የሆኑት? ሁሉም ከአንተ ሰነፍ ነበሩ ማለት ነው?


ቲቸር_ከወረዳ

እኔ ያለሁት ዜሮ ካመጡት አንዱ ውስጥ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አልናገርም፣ ነገ ቢሮ ተጠርቼ መጠየቅ አልፈልግም።

ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ፊዚክስ የሚያስተምረው ልጅ የተመረቀው በሌላ ነው፤ ሰው ስለሌለ «ያዝልን» ተብሎ ያዘው። እግዚአብሔር ይስጠው፣ እሱ ባይኖር ክፍለ ጊዜው ባዶ ነበር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ነው የደረሰን። ስልክ ያለው ልጅ በስልኩ ያነባል፣ የሌለው እኔ ሰሌዳ ላይ የጻፍኩትን ይገለብጣል። ላብራቶሪ የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል አለን፣ ውስጡ የተሰበረ ወንበር ነው የሞላው።

አሁን ስለ በጀት። ብሩ ከፌዴራል ለክልል በድጎማ ቀመር ይሰጣል፣ ቀመሩን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው የሚወስነው። ክልል ለወረዳ ያወርዳል። ወረዳው ጋ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል። ለሥራ ማስኬጃ የሚተርፈው ለጠመኔና ለወረቀት ይበቃል አይበቃም የሚባል ነው። በተማሪ ቁጥር የሚሰላ ስኩል ግራንት የሚባል ለትምህርት ቤት የሚሰጥ ድጋፍ አለ፣ እሱ ባይኖር ጥርጊያ እንኳ አይኖረንም ነበር። ግን እዩት፣ በተማሪ ቁጥር ነው። የተሟላ ቤተ መጻሕፍት ያለው ትምህርት ቤትና የዳስ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት በአንድ ልጅ የሚደርሳቸው አንድ ነው። ሸገር የጻፈው የበር ላይ እኩልነት ማለት በእኛ ቋንቋ ይሄ ነው።

«ትምህርት ለትውልድ» የሚባለው ንቅናቄ ከመጣ ወዲህ ሕዝቡ አዋጥቶ ትምህርት ቤት አሠርቷል፣ አድሷል። አልክድም፣ ዓይኔ አይቷል። ግን መዋጮ የሚሰበሰበው ካለው ነው። ውጭ አገር ተወላጅ ያለው፣ ነጋዴ ያለው፣ ቡና ያለው ቀበሌ በአንድ ክረምት ብሎኬት ቤት ያቆማል። ምንም የሌለው ቀበሌ ደግሞ ጉልበት ያዋጣል፣ ጭቃ ያቦካል። ስለዚህ ክፍተቱን ለመዝጋት የመጣው ነገር ራሱ ሳያስበው ክፍተት ይጨምራል።

ሌላም አለ። ልጁ እስከ መካከለኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይማርና ቢያንስ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። የከተማው ልጅ በግል ትምህርት ቤት ከኬጂ ጀምሮ እንግሊዝኛ ሲሰማ ነው ያደገው። የእኔ ተማሪ የባዮሎጂ ጥያቄውን መልስ ያውቀዋል፣ ጥያቄው ምን እንደሚል ነው የማያውቀው። በአማርኛ ስጠይቀው ይመልስልኛል እኮ!

ቀጥ_በል፣ አንተን ያስተማሩህን መምህራን አስታውሳቸው። በአንተ ጊዜ የመምህር ደመወዝ መምህሩን ከነቤተሰቡ ያኖረው ነበር። አሁን ወጣት መምህር ሁለት ዓመት ሳይሞላው ባጃጅ ገዝቶ ይወጣል።


ነጋዴዋ

ክሩን ወድጄዋለሁ ግን ሁላችሁም አንድ ቦታ ላይ ቆማችኋል። መንግሥት ይስጥ፣ መንግሥት ያስተካክል፣ መንግሥት ያውርድ። የሰጠውን ያየን ሰዎች አለን።

በ2009 ለወጣቶች 10 ቢሊዮን ብር ተዘዋዋሪ ፈንድ ተብሎ ተመደበ። ሐሳቡ ቆንጆ ነበር። ምን ሆነ? ቡድን ሁኑ ተባለ፣ የማይተዋወቁ ልጆች ተደራጁ፣ አንዱ ሠርቶ አራቱ ተካፈሉ፣ ከዚያ ብድሩ አልተመለሰም። የተደራጀው ማን ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ቀበሌ የሚያውቀው ልጅ ነበር።

ለእኔ ዕድል ማለት መንገዱ ላይ የተጋደመውን ማንሳት ነው። ባንክ ሄጄ ብድር ስጠይቅ «ማስያዣ» ይሉኛል። ማስያዣ ማለት ቤት ነው። ቤት ያለው ሰው ብድር ያገኛል፣ በብድሩ ሌላ ቤት ይሠራል። የሌለው በዕቁብ ይሽከረከራል። በ2011 በተንቀሳቃሽ ንብረት መበደር የሚያስችል አዋጅ ወጥቷል፣ ከብትም መኪናም ማስያዝ ይቻላል ይላል። በቃ እንዲህ ያለውን ነገር ሥራ ላይ አውሉልን። ፈቃዱን አቅልሉልን። ዋጋ ንረቱን አቁሙልን። ሌላውን እኛ እናውቅበታለን። ድሃውን እንደ ዋጋ ንረት የዘረፈው የለም፣ ሀብታሙ ብሩን ብረትና መሬት ላይ አስቀምጧል፣ ድሃው ኪሱ ውስጥ።


ደመወዝተኛው

እህቴ ነጋዴዋ ዋጋ ንረት ካልሽ አይቀር እኔ ልቀጥል፣ ምክንያቱም እዚህ ቤት ስለ ደመወዝ ግብር የሚያወራ ጠፋ።

በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ እስከ 600 ብር ነፃ አደረገ፣ ከ10,900 ብር በላይ ያለውን ደግሞ 35 በመቶ። ያኔ ዶላር በባንክ ከ22 ብር በታች ነበር። ስለዚህ 35 በመቶ የሚቆረጥበት ሰው በወር 500 ዶላር አካባቢ የሚያገኝ ነው፣ በእኛ ኑሮ ደህና ሰው። ከዚያ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ ለገበያ ተለቀቀ። በሰኔ 2017 ዶላር ከ130 ብር በላይ ሆኖ ሳለ ሰንጠረዡ ያው ነበር። 10,900 ብር ወደ 80 ዶላር ወርዶ ነበር። ሕጉ ግን ያኔም «ሀብታም ነህ፣ 35 በመቶ» ይለው ነበር። ማንም ፓርላማ ቆሞ የድሃውን ግብር እንጨምር አላለም። ዝም ብለው ሰንጠረዡን ስላልነኩት ብቻ ግብሩ ወደ ታች ወረደ።

በሐምሌ 2017 ተሻሻለ። ነፃው 2,000 ሆነ፣ 35 በመቶው ከ14,000 በላይ ሆነ። ላስላላችሁ፣ ሥራዬ ነው። 6,000 ብር ደመወዝ ያለው ሰው በድሮው 935 ብር ይቆረጥበት ነበር፣ አሁን 700። ጡረታ 7 በመቶ 420 ብር ይጨመርበት። 4,880 ብር ይዞ ቤቱ ይገባል። እሱን ለቤት ኪራይ፣ ለታክሲና ለጤፍ አካፍሉት፣ እኔ አልችልም። ደግሞ የ2008ቱ 600 ብር ያኔ 27 ዶላር ነበር፣ የአሁኑ 2,000 ብር ሲወጣ 15 ዶላር አካባቢ ነበር። ተሻሻለ የተባለው ጣሪያ ከድሮው ዝቅ ያለ ነው ማለት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛው ዝቅተኛ ደመወዝ በ2018 መግቢያ ከ4,760 ወደ 6,000 አድጓል፣ መልካም። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ግን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚባል ወለል የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ኢሠማኮ (የሠራተኛ ማኅበራቱ ኮንፌዴሬሽን) በየሜይዴይ ይጠይቃል። በ2011 በወጣ ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። አክሲዮን ያለው ሰው ደግሞ በ2008ቱ አዋጅ ከትርፍ ድርሻው የሚቆረጥበት 10 በመቶ ነበር። የቀን ሠራተኛ አለቃ 35፣ የባንክ ባለ አክሲዮን 10። ከዚያ ስለ እኩል ዕድል እናወራለን።


ነጋዴዋ → ደመወዝተኛው

ባለሙያ ነኝ ካልክ በደንብ አስላው። ባለ አክሲዮኑ ድርሻው ሳይደርሰው በፊት ድርጅቱ ራሱ ከትርፉ 30 በመቶ ከፍሏል። ከቀረው ላይ ነው ያልከው 10 በመቶ የሚቆረጠው። ከ100 ብር ትርፍ 63 ብር ነው ኪስ የሚገባው። ሁለቱን ብትደምር ከደመወዝተኛ አያንስም።


ደመወዝተኛው → ነጋዴዋ

ልክ ነሽ፣ በደረሰኝ ለሚሠራ። ለእኔ ግን ደመወዜ እጄ ሳይገባ ነው የሚቆረጠው። ነጋዴው የሚከፍለው ያስመዘገበውን ነው። የመርካቶን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እኔ አልነግርሽም 😀


ነጋዴዋ → ደመወዝተኛው

ደረሰኝ ቁረጥ ሲሉኝ እቆርጣለሁ። አጠገቤ ያለው ሳይቆርጥ በርካሽ ሲሸጥ ደንበኛዬን ይወስደዋል። እኩል ዕድል ካላችሁ እሱንም እዚያ ክሩ ላይ አስገቡልኝ።


ጋሽ_ፒያሳ

ልጆች፣ እኔ የደረስኩበትን ልናገር። በየካቲት 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ እኔ ወጣት ነበርኩ፣ ሰልፉ ላይ ነበርኩ። «መሬት ላራሹ» ብለን የጮኽንለት ነገር ነው። ጭሰኛው ከባላባት እግር ሥር ወጣ። ይሄንን ማንም አይወስድብንም። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። አንድ ሰው አንድ ቤት። እኩልነት ይሉሃል ይሄ ነው፣ ከዚህ በላይ ማስተካከል የለም።

ከዚያስ? የቀበሌ ቤት ኪራዩ በርካሽ ቆመ፣ ቤቱን የሚያድስ ጠፋ፣ ጣራው አፈሰሰ፣ ልጅ ወልደን ልጅ ዳርንበት፣ ያው ቤት። ያካፈሉን ያለውን ነው፣ የሚጨመር አልነበረም። ስለዚህ «መንግሥት ያካፍል» ሲባል እኔ ቶሎ አላጨበጭብም።

ግን ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ያው መንግሥት ነው ተማሪውን ገጠር ለገጠር የበተነው። ዩኔስኮ ሸልሞበታል። እናቴ ፊርማዋን ያወቀችው ያኔ ነው። በሌላው ነገር ስንቱን የፈጀ መንግሥት ነበር፣ እሱን አልረሳም። ያ ዘመቻ የሠራው ግን ሕዝቡ ያለበት ድረስ ስለሄደ ነው። አሮጊቷን ከተማ ግቢና ተፈተኚ አላላትም።


ሲልቨር_ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው። እዚህ አሜሪካ የእኩል ዕድል አገር ነው ብላችሁ ለምታስቡ ትንሽ ላካፍል።

እዚህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው፣ አውቶቡሱም ነፃ ነው። ግን ገንዘቡ ብዙው የሚመጣው ከአካባቢው የቤት ግብር ነው፣ ልጅህ የሚማረው ደግሞ በምትኖርበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ውድ ቤት ያለበት ሰፈር ጥሩ ትምህርት ቤት አለው፣ ጥሩ ትምህርት ቤት ስላለው ቤቱ ይወደዳል። ሐበሻ እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ትምህርት ቤቱ እንዴት ነው?» ነው፣ ከዚያ አቅሙ የማይፈቅደውን ኪራይ ይገባበታል። ባልየው ማታ ኡበር፣ ሚስትየው ነርሲንግ ሆም ድርብ ሺፍት። ለትምህርት ቤቱ እኮ ነው።

መንግሥት ግን ዝም አላለም። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታይትል ዋን የሚባል የፌዴራል ገንዘብ አለ። የድሃ ልጆች ለሚበዙበት ትምህርት ቤት ተጨምሮ ይሰጣል። ልብ በሉ፣ ለሁሉም እኩል አይደለም፣ ለጎደለው ነው የሚጨመረው። ኮሌጅ ሲደርስ ደግሞ ፔል ግራንት አለ፣ የማይመለስ፣ በቤተሰብ ገቢ የሚሰላ። የእኔ ትልቋ በእሱ ነው የገባችው። ልዩነቱ ጠፋ? አልጠፋም፣ ከእኔ ሠላሳ ደቂቃ ርቀት ላይ ሁለት የተለያየ አገር የሚመስሉ ትምህርት ቤቶች አሉ። ግን ቲቸር የጻፈው «በተማሪ ቁጥር አንድ ዓይነት» የሚለውን ሳነብ ይሄ ነው የመጣልኝ።


ቀጥ_በል

ያው ነው እኮ፣ የሀብታም አገር ምሳሌ አምጥታችሁ እኛ ላይ መለጠፍ። እነሱ የሚያካፍሉት አላቸው። ለእኛ ሁሉ ድጎማ፣ ሁሉ ድጋፍ፣ ሁሉ ኮታ ከሆነ የሚሠራ ማን ሊሆን ነው? ለድሃ የገጠር ቤተሰብ የሚሰጠው ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ አለ። ሃያ ዓመት። ስንቱ ወጣበት?


ቲቸር_ከወረዳ → ቀጥ_በል

ሴፍቲኔት ላይ ብዙው ሰው በነፃ አይደለም የሚቀበለው። እርከን ሠርቶ፣ መንገድ ጠርጎ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ነው። እኔ የማስተምርበት ቀበሌ ተራራው ላይ ያለው እርከን በእነሱ እጅ ነው የተሠራው። በነፃ የሚያገኙት አቅመ ደካሞች ናቸው። ስንቱ ወጣበት ላልከው፣ አሁንም ብዙ ሰው እንዳለበት አውቃለሁ። በክፉ ዓመት ግን ልጁን ከትምህርት ቤት ሳያስወጣ ያሳለፈ አባት ደግሞ አውቃለሁ። ይሄ ላንተ ትንሽ ነው?


የኮልፌ_እናት

እኔ ስለ ግብርና ስለ አዋጅ አላውቅም። ሦስት ልጆች የመንግሥት ትምህርት ቤት አሉኝ። ምገባው ከመጀመሩ በፊት ጠዋት ጠዋት ልጅን ባዶ ሆዱን መላክ ምን ማለት እንደሆነ ያየው ያውቀዋል። መካከለኛው ልጄ ክፍል ውስጥ ይተኛ ነበር፣ መምህሩ «ሰነፍ ነው» ብሎ ይልክልኝ ነበር። አሁን ቁርስና ምሳ እዚያ ይበላል፣ ደብተርና ዩኒፎርምም ይሰጣል። ልጁ ያው ልጅ ነው። ውጤቱ ተቀየረ።

ቀጥ በል የምትለው ወንድሜ፣ አንተ ጎበዝ ነህ። ግን ቤታችሁ በሬ ነበር። በሬ ያለው ቤት እንጀራ አለው።


ቀጥ_በል → የኮልፌ_እናት

እትዬ፣ ይሄኛውን አልከራከርዎትም። ሕፃን ልጅ ይብላ፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም።


ሬሚዲያል_ያለፈች

እኔ በ2015 ወድቄ ሬሚዲያል (50 ላላመጣን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) የገባሁ ነኝ። ከትምህርት ቤታችን ማንም 50 አላመጣም። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ማይክሮስኮፕ የነካሁት፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እዚያ ያስተማሩን ለጥቂት ወራት ነው፣ ከዚያ ተፈተንን፣ አለፍኩ። አሁን መደበኛ ተማሪ ነኝ፣ ውጤቴም ደህና ነው።

ሁለት ነገር ማለት ፈልጌ ነው። አንደኛ፣ በጥቂት ወር መምህርና መጽሐፍ ያለፍኩትን በአራት ዓመት ያላለፍኩት እኔ ስለተቀየርኩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ሬሚዲያል የገባሁት ለመግቢያ የሚሆን ነጥብ ስላመጣሁ ነው፣ ጓደኛዬ በትንሽ ነጥብ ቀረባት። እሷ አሁን ዓረብ አገር ናት። ፓስፖርት ለማውጣት እቤት የነበረችው ላም ተሸጣ ነው የሄደችው። ቤተሰቧ ለትምህርቷ ላም አልሸጠላትም፣ የሚከፈልበት ቦታ ስለሌለ። አስጠኚ ወረዳችን የለም።


ሸገር_47

ሬሚዲያል፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ክሩን የከፈትኩት ላንቺና ለጓደኛሽ ነው፣ እኔ ግን እንዳንቺ አድርጌ አልጻፍኩትም።

ነጋዴዋ፣ መንግሥት እንቅፋት ያንሳ ባልሽው እስማማለሁ። ግን አንቺ የምትነሺው ከገበያ ነው። ገበያ የምትደርሰው ልጅ መጀመሪያ ማንበብ አለባት። ማንበብን ደግሞ ገበያ ለድሃ ወረዳ አይሸጥም፣ ትርፍ የለውማ። የግል ትምህርት ቤት ወረዳዋ ሄዶ አይከፈትም። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ ከመንግሥት ሌላ ማንም የለም፣ ወደድንም ጠላንም።

ጋሽ ፒያሳ፣ የእርስዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ያለውን ማካፈልና ለጎደለው መጨመር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደርግ ቤት ሲያካፍል ከአንዱ ወስዶ ነው። ለዜሮ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር መላክ ከማንም ልጅ አይወስድም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚል ደግሞ በ2017 የንብረት ታክስ አዋጅ ጸድቋል። ቦሌ ላይ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ያለው ሰው በየዓመቱ ትንሽ ቢከፍል ምን ይለዋል? ደመወዝተኛውን ከ14,000 ብር ላይ 2,850 ከመቁረጥ ይሻላል።


ነጋዴዋ → ሸገር_47

የንብረት ታክሱ በኪራይ ዞሮ እኔው ላይ ነው የሚመጣው፣ የሱቄ ባለቤት አይከፍለውም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው። ከዚያ ዕቃው ላይ እጨምራለሁ፣ ከዚያ የኮልፌዋ እናት ትከፍለዋለች። ይሄንን መልስልኝ።


ደመወዝተኛው → ነጋዴዋ

ሁሉንም አይደለም። ኪራዩን ከዚህ በላይ ማስወጣት ቢችል ታክስ ሳይመጣም ያስወጣዋል። ባለቤቱ የሚጠይቅሽ ገበያው የሚችለውን ያህል ነው፣ አሁንም እያደረገው ነው። ባዶ መሬት አጥሮ ለተቀመጠ ሰው ደግሞ ማን ላይ ይጭነዋል? ተከራይ የለውም።


ነጋዴዋ → ደመወዝተኛው

ባዶ መሬት አጥሮ ለተቀመጠው ይጣልበት። እሱ ላይ እኔም አጨበጭባለሁ። ሱቅ ላይ ግን አልተስማማንም።


ቲቸር_ከወረዳ

እናንተ ታክሱን ጨርሱ፣ እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ያ 1,328 የሚለው ዝርዝር በየወረዳው ተለይቶ ይውጣ። ከጎኑ ስንት የሒሳብ መምህር፣ ስንት የፊዚክስ መምህር፣ ስንት መጽሐፍ፣ መብራት አለው የለውም የሚል ይቀመጥ። ከዚያ «ሰነፍ ናቸው» የሚለው ሰው ዝርዝሩን ይዞ ይከራከረን። በየዓመቱ አንድ ቁጥር ብቻ ይነገረንና እኛ እርስ በርስ እንጣላለን።


ቀጥ_በል

ዝርዝሩ ይውጣ፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን መምህሩ ተልኮለት፣ መጽሐፉ ደርሶት፣ በሁለተኛው ዓመትም ዜሮ ያመጣ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህሩ ይነሳል ብላችሁ ጨምሩበት። ያለበለዚያ ብሩ እንደ ተዘዋዋሪ ፈንዱ ይዞራል።


ቲቸር_ከወረዳ → ቀጥ_በል

ሁለት ዓመት አይበቃም። 9ኛ ክፍል የገባው ልጅ 12ኛ እስኪደርስ አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ስጠውና ከዚያ አንሣው፣ እኔ ራሴ እፈርምልሃለሁ።


ቀጥ_በል → ቲቸር_ከወረዳ

ሦስት 😀


ቲቸር_ከወረዳ → ቀጥ_በል

አራት አልኩ።